ገንዘቡ አለ፣ ዱካው የለም፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የሚቀርበው የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ የት ላይ ይወድቃል?

አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የጎብኚና የተማሪ ቪዛ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2025) ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለሦስት ወር ብቻ የሚጸና ሆኗል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ለሳምንታት አዲስ የተማሪ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ መስጠት በዓለም ዙሪያ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች ተከታትለው በመምጣታቸው በተማሪና በወላጅ ዘንድ ሁለት ወሬ ተስፋፋ። አንዱ «ሦስት ወር ተምረህ ትመለሳለህ» የሚል ነው፤ ሌላው «የተማሪ ቪዛ ለኛ ተዘግቷል» የሚል።

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ከወሬው ጀርባ ግን እውነተኛ ጥያቄ አለ፦ ከዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ የያዘና ወጪውን የሚችል ቤተሰብ ያለው ተማሪ ለምን ይከለከላል? በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ ለሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች መልሱ ከአዲሱ ፖሊሲ በፊት የነበረ ነው። በዳርቻው ሀብት የሚከማቸው ሰነድ በማይተው መንገድ ነው፤ ቪዛ የሚወስነው መኮንን ደግሞ የሚያየው ሰነዱን ብቻ ነው።

የሦስት ወሩ ቪዛ

ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ እንጂ የመቆያ ፈቃድ አይደለም። በኤፍ-1፣ ማለትም በመደበኛው የተማሪ ቪዛ፣ አሜሪካ የገባ ተማሪ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስኑት ሲገባ የሚመዘገብለት አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ እና ዩኒቨርሲቲው የሰጠው አይ-20 የተባለው ቅጽ ናቸው። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ትምህርት ላይ ሳለ ጊዜው ቢያልፍ በዚያ ብቻ ሕገ ወጥ አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ለእረፍት ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ሲመለስ ነው፤ እንደገና ለመግባት ሌላ ቪዛ፣ ሌላ 185 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ፣ ሌላ ቀጠሮ ያስፈልጋል።

ብዙም ያልተነገረው የቀን ስሌቱ ነው። ትምህርቱ ኦገስት 25 የሚጀምር አዲስ ተማሪ ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ፣ ማለትም ከጁላይ 26 በፊት፣ መግባት አይፈቀድለትም። ቪዛው ኤፕሪል 10 ቢሰጠው ጁላይ 10 ገደማ ያበቃል፤ በሩ ሳይከፈት ቁልፉ ያረጃል ማለት ነው። «ቀደም ብሎ ማመልከት ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው የቆየ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ለነሐሴ ምዝገባ ቪዛው ከሜይ መጨረሻ ወዲህ ቢወጣ ይመረጣል። ቀጠሮው ከዚያ ቀድሞ ከወጣ ጉዳዩን ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮና ለኤምባሲው አስቀድሞ ማንሳት ያዋጣል።

ቆንስሉ የሚመዝነው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ኤምባሲ ተከልክሎ የሚወጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ወረቀት 214(ቢ) የሚል ቁጥር አለው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ ነው። ለጊዜያዊ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ በቋሚነት ሊቀር እንደሚሄድ ይገመታል፤ የማስረዳቱ ሸክም ያለው በአመልካቹ ላይ ነው። ወረቀቱ የተወሰነ ጥፋት አይነግርም። ስለዚህ ተከልካዩ ምክንያቱን ራሱ ለመገመት ይገደዳል፤ ስለ ዕድልና ስለ ኮታ የሚነገረውም በአብዛኛው የሚወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ ወላጅ «እንደሚመለስ ማሳያ» ብሎ የቤት ካርታና በመሐንዲስ የተሠራ የንብረት ግምት ያስይዛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ በስሙ ንብረት እንዲኖረው መኮንኑም አይጠብቅም። ቃለ መጠይቁም የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የተያዘው ፋይል ሳይገለጥ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚጠየቀው ይህን ትምህርት ለምን መረጥህ፣ ለምን በዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ ማን ይከፍላል፣ የሚከፍለው ሰው ሥራው ምንድን ነው የሚል ነው። መልሱ ከዲኤስ-160፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚሞላው የማመልከቻ ቅጽ ጋር ካልገጠመ ካርታው አያድነውም። ቅጹ ላይ ከፋዩ «አባት፣ ገበሬ» ተብሎ ተሞልቶ፣ በቃል «አጎቴ ነጋዴ ነው፣ እሱ ይከፍላል» ከተባለ ውሳኔው ያን ጊዜውኑ ያዘነብላል። ከጁን 2025 ወዲህ ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ፤ በቅጹ ላይ ያለፉት 5 ዓመታት የተጠቀሙባቸው ስሞች በሙሉ መግባት አለባቸው።

የዳርቻው ገንዘብ እና የባንክ ስቴትመንት

መኮንኑ ፊት የሚቀርበውን ስቴትመንት እንመልከት። ለአምስት ወር ሂሳቡ ከ8 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር እየወጣ እየወረደ ቆይቷል። በስድስተኛው ወር በአንድ መስመር 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር በጥሬ ገንዘብ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ እንቅስቃሴ የለም። ለቤተሰቡ ይህ የዓመታት ልፋት ነው፦ የዕቁብ ዕጣ፣ የተሸጡ በሬዎች፣ ከሱቅ የተጠራቀመ፣ ወንድም ከዐረብ አገር የላከው። ለመኮንኑ ግን ለፎቶ የተበደሩት ገንዘብ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ብድር በእርግጥ ስላለም ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ዕቁብ በራሱ ክፉ ምንጭ አይደለም። ችግሩ ዕጣው በእጅ መሰጠቱ ነው። ዕቁብተኛው በየሳምንቱ የሚጥለውን ከባንክ እያወጣ ቢጥል፣ ዕጣው ሲወጣም ዳኛው በባንክ ቢያስተላልፍለትና የዕቁቡ መዝገብ ቅጂ ከማብራሪያ ደብዳቤ ጋር ቢያያዝ ገቢው ተራ ገቢ ይሆናል። ሱቅ ያለው ቤተሰብም ሌላ ፈተና አለበት። ለዓመታት በቁርጥ ግብር የተስተናገደ ሱቅ የግብር ደረሰኙ የሚያሳየው ሽያጭ ትንሽ ነው። ግብሩን ለማቅለል ዝቅ ተደርጎ የተነገረው ገቢ በቪዛ ጊዜ ከፍ ብሎ እንዲታይ ሲፈለግ ሁለቱ ወረቀቶች ይጋጫሉ።

ከሁሉም የሚከብደው የመሬቱ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሆኖም «ገንዘቡ የተገኘው ከመሬት ሽያጭ ነው» የሚል ደብዳቤ፣ ከዚያም በሦስት ምስክር የተፈረመ የመንደር ውል አያይዘው የሚያቀርቡ አሉ። ይህ ማስረጃ ራሱን ያፈርሳል፤ ምንጩ ሕገ ወጥ ግብይት መሆኑን በጽሑፍ መመስከር ነው። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ሽያጭም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም። በአንጻሩ ካርታ ያለው ቤት ተሸጦ ውሉ በሚመለከተው የሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበና ገንዘቡ ከገዢው ሂሳብ በቀጥታ ከገባ ጥሩ ማስረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለልማት ተነሺነት የተከፈለ ካሳም እንዲሁ፤ የካሳ ደብዳቤው፣ የተከፈለበት ቀንና በስቴትመንቱ ላይ ያለው መስመር ሲገጥሙ ከዚህ የጠራ ምንጭ አይገኝም። ብዙ ተነሺ ቤተሰብ ደብዳቤውን ከተከፈለው በኋላ እንደማያስፈልግ ቆጥሮ ይጥለዋል።

የንብረት ግምት ሰነድ ለባንክ ብድር እንጂ ለቪዛ ብዙም አይረዳም። ብሪታንያ ቤትና መሬትን ጨርሶ እንደ ገንዘብ አትቀበልም። «የባንክ ደብዳቤ» እና «ስቴትመንት»ም አንድ አይደሉም። ደብዳቤው በአንድ ቀን ያለውን ቀሪ ሂሳብ ይናገራል፤ ስቴትመንቱ ገንዘቡ እንዴት እንደመጣ ያሳያል። ሁለቱም ይጠየቃሉ፤ የሚመረመረው ግን ሁለተኛው ነው።

ስንት፣ በማን ስም፣ ለስንት ቀን?

አገሮቹ ገንዘብን የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው፤ በአንዱ ያለፈ ፋይል በሌላው የሚወድቀውም ለዚህ ነው።

ብሪታንያ ሂሳብ ትሠራለች። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ከለንደን ውጭ ለሚማር በወር 1,171 ፓውንድ፣ ለንደን ለሚማር 1,529 ፓውንድ፣ እስከ 9 ወር ተባዝቶ፣ በዚያ ላይ ያልተከፈለው የአንደኛ ዓመት ክፍያ ይደመራል። ዩኒቨርሲቲው 15,000 ፓውንድ አስከፍሎ 5,000 ከተከፈለ፣ ከለንደን ውጭ ላለ ተማሪ 10,000 እና 10,539፣ በጠቅላላው 20,539 ፓውንድ መታየት አለበት። ገንዘቡ ለተከታታይ 28 ቀን ከዚህ በታች መውረድ የለበትም፤ በአንድ ቀን እንኳ በጥቂቱ ከጎደለ ማመልከቻው ይወድቃል። ስቴትመንቱ የሚያበቃበት ቀን ከማመልከቻው ከ31 ቀን በላይ የቀደመ መሆን የለበትም። ሂሳቡ የተማሪው ወይም የወላጁ (ወይም የሕጋዊ አሳዳጊው) መሆን አለበት፤ የአጎትና የታላቅ ወንድም ሂሳብ አይቆጠርም። በወላጅ ስም ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይጨመራል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና በዓመት 776 ፓውንድ የጤና ክፍያም አለ።

ካናዳ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ተማሪ የዓመት መኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር ትጠይቃለች፤ የአንደኛ ዓመት ክፍያና የጉዞ ወጪ ለብቻ ናቸው። ቢያንስ የ4 ወር ስቴትመንት ይቀርባል። ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የክፍለ ሀገሩ የማረጋገጫ ደብዳቤ ካልተያያዘ ማመልከቻው ሳይታይ ይመለሳል። ጀርመን መንገዷ ሌላ ነው፦ 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ አስቀድሞ ይገባል፣ ተማሪው እዚያ ከደረሰ በኋላ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። የገንዘቡ ምንጭ ላይ የሚነሳው ክርክር እዚህ ይቀላል፤ ነገር ግን ቪዛው ሳይገኝ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ይጠይቃል። አሜሪካ ቋሚ ቁጥር የላትም፤ መለኪያው አይ-20 ላይ የተጻፈው የአንድ ዓመት ወጪ ነው። ስፖንሰሩ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለምን እንደሚከፍል የሚያሳምን መሆን አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ የብር ምንዛሪ አለ። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር የቆጠበ ቤተሰብ 21 ሺህ ዶላር ገደማ ነበረው፤ አንድ ዶላር በ150 ብር ሲታሰብ ያው ብር 8,000 ዶላር ነው። የጀርመኑ ዝግ ሂሳብም አንድ ዩሮ በ170 ብር ቢታሰብ 2 ሚሊዮን 23 ሺህ 680 ብር ይሆናል። ብሪታንያ ብሩን የምታሰላው ማመልከቻው በገባበት ቀን ምንዛሪ ስለሆነ፣ 28 ቀኑ ሲጀምር በትክክል የበቃ ሂሳብ ሲያልቅ ሊጎድል ይችላል። ከሚፈለገው በላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ መተው ብልህነት ነው። ባንክ ለትምህርት ምንዛሪ ሲፈቅድ የቅበላ ደብዳቤና የክፍያ ጥያቄ ይዞ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው የሚልከው፤ ወረፋው ቀላል ስላልሆነ ጥያቄው ቅበላው በደረሰ ሳምንት ቢቀርብ ይሻላል።

ስም፣ ቀን፣ አድራሻ

በኦሮሚያ ክልል ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ሰርተፍኬቱ በቁቤ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በቁቤ ጫላ የሚጀምረው በላቲኑ «ሲ» ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተደርጎ ይጻፋል። ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፣ በፓስፖርት በ«ቲ»። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ፋይሉን ለሚያነብ የውጭ አገር ሰው ግን ሁለት ሰው ነው። መፍትሔው ፓስፖርቱን መሠረት አድርጎ ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ ማምጣት ነው፦ የፈተና ውጤት፣ የልደት ወረቀት፣ የባንክ ሂሳብ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ምዝገባ። ሊለወጥ የማይችለው ሰነድ ካለ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የተረጋገጠ ማስረጃ ይያያዛል። ትርጉሙ በንግድ ፈቃድ ከሚሠራ ቢሮ ይሁን፤ የተርጓሚው ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ፣ ቀንና «ትክክለኛ ትርጉም ነው» የሚል ማረጋገጫ ይኑረው።

የዘመን አቆጣጠሩም ብዙ ፋይል ያበላሻል። ጥቅምት 1999 የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. 2006 ነው፤ ሚያዝያ 1999 የተወለደው 2007። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ይደመራል። ሁልጊዜ ስምንት የሚደምር ጸሐፊ ልጁን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው በ2008 ማብቂያ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ሰው የልደት ወረቀቱ ዘግይቶ የወጣ ነው፤ ከማመልከቻው ሁለት ሳምንት በፊት የተሰጠ ወረቀት ግን ጥያቄ ያስነሳል።

አድራሻ በዳርቻው የተለየ ችግር ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ክፍለ ከተማና ወረዳ ተቀየረ። በ2014 በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የተደረሰው የወሰን ስምምነትም አንዳንድ ሰፈሮችን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛውሯል። የአባት መታወቂያ አንድ አስተዳደር፣ የንግድ ፈቃዱ ሌላ፣ ካርታው የድሮውን ከተማ ስም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ቤቱ አልተንቀሳቀሰም፤ ይህን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከወረዳው ማጻፍና ማስተርጎም ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

ኤጀንቱ የሚጠቅመውና የሚጎዳው

ጥሩ ኤጀንት ቀነ ገደብ ያስታውሳል፣ ቅጽ ይሞላል፣ የጎደለ ሰነድ ይጠቁማል። አደጋው ተማሪው ያላነበበው ቅጽ በስሙ ሲላክ ነው። የጥናት ዓላማ ደብዳቤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስም እየተቀየረ ሲገለበጥ መኮንኑ ያንኑ አንቀጽ ደጋግሞ ያገኘዋል። የተሠራ ስቴትመንት ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው፤ ኤምባሲዎች ባንኩን በቀጥታ ይጠይቃሉ። ተራ ክልከላ ዳግም ለማመልከት በሩን አይዘጋም። ሲያታልሉ መገኘት ግን በካናዳ 5 ዓመት፣ በብሪታንያ 10 ዓመት ሊያስከለክል ይችላል፤ በአሜሪካ ሕግ የጊዜ ገደብ የለውም። ቅጹን የሞላው ኤጀንቱ ቢሆንም ተጠያቂው አመልካቹ ነው።

አድልዎ ነው ወይስ የሰነድ ጉድለት?

አንዱ ወገን ሥርዓቱ በደመወዝና በባንክ ለሚኖር ሰው የተሠራ ስለሆነ በዕቁብ፣ በከብትና በአነስተኛ ንግድ የሚኖረውን ይቀጣል ይላል። ሌላው ወገን የበዛው ሐሰተኛ ሰነድ እውነተኛውንም አስጠርጥሯል፣ ጥፋቱ የእኛው ነው ባይ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ግን አይመዛዘኑም። መመዘኛው በእርግጥ የባንክ ታሪክ ላለው ያደላል፤ በጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ውሳኔም ይሳሳታል። ሆኖም መመዘኛውን አመልካቹ ሊቀይረው አይችልም። ከአሥራ ሁለት ወር በፊት ገቢን በባንክ ማሳለፍ መጀመር ግን ይችላል። በዚህ ምክንያት በዚህ ዓመት ለማመልከት ከመጣደፍ አንድ ዓመት መቆየት የሚሻላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሙሉ የትምህርት ዕድል ላገኘ ተማሪ ይህ ሁሉ ይቀልለታል፤ የሀንጋሪና የቱርክ መንግሥታት የትምህርት ዕድሎች በየዓመቱ በጥር አካባቢ ማመልከቻ የሚቀበሉ ናቸው።

ይህ አካሄድ ከቀጠለ የሚጠበቀው ውጤት መሀል ከተማ ያለው ደመወዝተኛና ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ልጁን ሲልክ፣ ከእሱ ያላነሰ ገንዘብ ያለው የዳርቻ ገበሬና ነጋዴ መቅረቱ ነው።

ከክልከላ በኋላ

የሚቀጥለው እርምጃ እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ይግባኝ የለም፤ እንደገና ማመልከት ብቻ ነው። 185 ዶላሩ አይመለስም፤ 350 ዶላር የሚከፈለው ሴቪስ የተባለው የተማሪዎች መዝገብ ክፍያ ግን ተማሪው ለተመሳሳይ ቪዛ በ12 ወር ውስጥ ካመለከተ ዳግም አይከፈልም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ፋይል ይዞ መመለስ ያንኑ መልስ ያመጣል። ለብሪታንያ ከአገር ውጭ ያመለከተ ተማሪ በ28 ቀን ውስጥ 80 ፓውንድ ከፍሎ ውሳኔው እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህ የሚጠቅመው መኮንኑ ሲሳሳት እንጂ ሰነድ ሲጎድል አይደለም፣ አዲስ ሰነድ በአብዛኛው አይቀበልምና። የጤና ክፍያው ለተከለከለ ይመለሳል። በጀርመን ኤምባሲ ቅሬታ አቅርቦ ማስመርመር ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል፤ የቀረው አዲስ ማመልከቻ ወይም በአንድ ወር ውስጥ በበርሊን አስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ነው። ካናዳ ከ2025 አጋማሽ ወዲህ በአንዳንድ የክልከላ ደብዳቤዎች ላይ የመኮንኑን ማስታወሻ ማያያዝ ጀምራለች። ማስታወሻው ላይ «የገንዘቡ ምንጭ አልተብራራም» የሚል ካለ፣ ሁለተኛው ማመልከቻ መጀመር ያለበት ከዚያ መስመር ነው፦ የትኛው ገቢ፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን፣ በምን ሰነድ።